ፉታባ ጂዋይ 401፦ የጅራት ሮተርን የሚያረጋጋው ጋይሮ ሲገመገም

የሪሞት ሄሊኮፕተር ዋና ሮተር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር አካሉ ወደ ተቃራኒው መዞር ይፈልጋል፤ ይህን ግፊት የሚመክተው የጅራት ሮተር ነው። ግፊቱ የኃይል ስቲኩ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ጅራቱን ያለ ጋይሮ (መዞርን ለክቶ ጅራቱን የሚያስተካክል መሣሪያ) በጣት ብቻ መያዝ እጅግ አድካሚ ነው። ፉታባ ጂዋይ 401 ክብደቱ 27 ግራም ብቻ ቢሆንም ይህን ሥራ በሚገባ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ብቃቱ የሚታየው የጅራቱ ሜካኒካል ክፍል በጥንቃቄ ከተሠራ ብቻ ነው።

ጋይሮው ሁለት የአሠራር ዘዴዎች አሉት። በኖርማል ዘዴ የመዞሩን ፍጥነት ብቻ ስለሚቃወም ነፋስ የገፋው ጅራት በተገፋበት ይቀራል። ኤቪሲኤስ በተባለው ዘዴ ግን የተሰጠውን አቅጣጫ አስታውሶ ጅራቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በዚህ ዘዴ ሄሊኮፕተሩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሳለ ስቲኩ ተነክቶ ሲለቀቅ የሰርቮው (የጅራት ሮተሩን ቅጠሎች ማዕዘን የሚለውጠው ትንሽ ሞተር) ክንድ ወደ መሃል አይመለስም፤ ጀማሪዎችን የሚያስደነግጥ ቢሆንም ትክክለኛ አሠራሩ ነው።

ስለዚህም ማስተካከያው በኖርማል ዘዴ ቢጀመር ይመረጣል። ስቲኩ መሃል ላይ ሲሆን የሰርቮው ክንድ ከጅራት ሮተሩ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ ተደርጎ ይገጠማል፤ ከዚያም ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ ቆሞ ወደ ጎን መዞሩን እስኪያቆም ድረስ በሪሞቱ ትሪም (የስቲኩን መሃል በጥቂቱ በሚያሸጋሽገው ማስተካከያ) ሳይሆን የዘንጉን ርዝመት በመለወጥ ይስተካከላል። ከፒች (ከዋናው ሮተር ቅጠሎች ማዕዘን) ወደ ጅራት የሚሄደው ሚክሲንግም (ሪሞቱ የፒቹን ትእዛዝ ከፊሉን ለጅራቱ የሚያካፍልበት ቅንብር) ለኤቪሲኤስ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ጋይሮው ሚክሲንጉን እንደ መዞር ትእዛዝ ይቀበለዋል። ከመብረር በፊት አፍንጫውን በእጅ ወደ ግራ ሲያዞሩት ሰርቮው የቀኝ ስቲክ በሚሰጥበት ጊዜ ወደሚሄድበት መሄዱን ማየት ግድ ነው፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ ጋይሮው ራሱ ሄሊኮፕተሩን ያሽከረክረዋል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው የጌይን፣ ማለትም ጋይሮው መዞርን የሚቃወምበት ጥንካሬ፣ ጉዳይ ነው። ጌይኑ ከሪሞቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲሄድ ጅራቱ በአንድ ነጥብ ላይ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ያኔ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። የዋናው ሮተር ፍጥነት ሲጨምር የጅራት ሮተሩም ስለሚፈጥንና ጉልበቱ ስለሚበረታ፣ ሮተሩ በዝግታ ሲዞር የተስማማ ጌይን በከፍተኛ ፍጥነት ይበዛበታል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ የበረራ ሁኔታ የተለየ ጌይን መመደብ ያስፈልጋል። ጅራቱ በፍጥነት ሳይሆን በዝግታ የሚዋልል ከሆነ ግን ከጌይኑ በፊት የሚመረመረው ሜካኒካሉ ነው። ዘንጉን ከሰርቮው አላቅቆ የፒች ተንሸራታቹን (የጅራት ሮተሩን ቅጠሎች ማዕዘን የሚለውጠውን ክፍል) በጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንቀሳቀስ በቂ ፍተሻ ነው፤ የትም ቦታ ላይ መያዝ ወይም መላላት የለበትም። በጋይሮው ላይ ከሚቀርቡት ቅሬታዎች ብዙዎቹ መነሻቸው እዚህ ይመስለኛል።

ሊሚት የተባለው ማስተካከያ ስቲኩ እስከ መጨረሻ ሲገፋ ተንሸራታቹ ከጫፉ ጋር እንዳይጋጭና ሰርቮው እንዳያቃስት ይገድባል። ሊሚቱን በጣም ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ በሰርቮው ክንድ ላይ ዘንጉ የሚያያዝበትን ኳስ ወደ ውስጥ ማስጠጋት የተሻለ ነው፤ ሰርቮው ሙሉ እንቅስቃሴውን ሲጠቀም ቁጥጥሩ ይረቅቃል። ዲሌይ (የጋይሮውን ምላሽ የሚያዘገየው ማስተካከያ) የሚያስፈልገው ጅራቱ ከዙር ሲቆም ወደ ኋላ ለሚመለስበት ዘገምተኛ ሰርቮ ነው፤ ኤስ 9254ን ከመሰለ ፈጣን ሰርቮ ጋር ዜሮ ላይ ይተዋል። ዲኤስ የተባለው ማብሪያ የሚበራው ሰርቮው ዲጂታል ከሆነ ብቻ ነው፤ ከአናሎግ ሰርቮ ጋር ከበራ ሰርቮውን ሊያቃጥል ይችላል።

የማልወድለት ነገር የማስተካከያዎቹ እጅግ ማነስ ነው፤ ጥቂት ማዞር ብዙ ይለውጣል፣ በሜዳ ላይ ደግሞ የት እንደደረሱ ማንበብ ያስቸግራል። ፍላይባር (ዋናውን ሮተር የሚያረጋጋ በትር) ለሌላቸው ሄሊኮፕተሮች የሚሠሩት የዘመኑ ፍላይባርለስ መቆጣጠሪያዎች የጅራቱን ጋይሮ በውስጣቸው ስለያዙ እንዲህ ያለ ሄሊኮፕተር የሚሠራ ሰው ይህን ለብቻው መግዛት አያስፈልገውም። ፍላይባር ላለው ሄሊኮፕተር ግን፣ በተለይ ፈጣን ዲጂታል ሰርቮ ላለው ሰው፣ ያለማመንታት እመርጥለታለሁ።