በሰዓት የሚለዋወጥ ሙቀትን ለማስላት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? የአራት አማራጮች ንጽጽር

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተተከለ የባትሪ ካቢኔትን እንውሰድ። ጠዋት ፀሐይ የምሥራቅ ጎኑን ታሞቀዋለች፤ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ጎን ይግላል፤ ሌሊት ብርዱ ይወርድበታል። በዚህ መሐል መብራት ሲጠፋ ከዋናው መስመር የሚሠራው ማራገቢያ ይቆማል፣ ባትሪዎቹም ኃይል መስጠት ስለሚጀምሩ ከውስጥ የሚመነጨው ሙቀት ይጨምራል። ይህን ዕቃ በአንድ ቋሚ የውጭ ሙቀት ማስላት አንድ ቁጥር ያስገኝ ይሆናል እንጂ የካቢኔቱን ውሎ አያሳይም። ስለዚህ ለምህንድስና ቢሮ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ፕሮግራሙ ስንት ሚሊዮን ነጥቦችን ያሰላል የሚለውን ሳይሆን፣ ከጊዜ ጋር የሚለዋወጡ የወሰን ሁኔታዎችን (እንደ አየር ሙቀትና ፀሐይ ያሉ፣ ከውጭ በዕቃው ገጽ ላይ የሚደርሱ ነገሮችን) እንዴት ይቀበላል፣ እነዚህ በሰዓት ተደርድረው በሚገቡበት ሠንጠረዥ ሁለት መስመሮች መካከልስ ምን ያደርጋል የሚለውን ነው።

ከአራቱ ፕሮግራሞች የመጀመሪያው፣ አንሲስ ሜካኒካል፣ ለጀማሪ ቅርብ ነው። የውጭው ሙቀት፣ የፀሐዩ ጨረርና በአየር አማካይነት የሚወሰደው ሙቀት መጠን ሦስቱም ከጊዜ ጋር በሠንጠረዥ ይገባሉ። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ዋጋ ግን ፕሮግራሙ ቀጥ ባለ መስመር እያገናኘ ይሞላዋል፤ በመሆኑም ሠንጠረዡ በየሰዓቱ ብቻ ከተሞላ፣ በድንገት የቆመው ማራገቢያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ እየደከመ እንደቆመ ተደርጎ ይሰላል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ ማራገቢያው በቆመበት ቅጽበት በጥቂት ሰከንዶች የሚለያዩ ሁለት መስመሮችን ማስገባት፣ የስሌቱንም የጊዜ እርምጃ (ከአንዱ ስሌት እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ) በዚያ አካባቢ ማሳጠር ነው። ለተማሪዎች ነፃ ቅጂ አለው፤ ሆኖም የሞዴሉ መጠን የተገደበ ከመሆኑም በላይ ለንግድ ሥራ አይፈቀድም።

ኮምሶል በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የበለጠ ነፃነት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ጊዜን በቀመር ውስጥ እንደ ተለዋዋጭ መጻፍ ይቻላል፤ የተለካ መረጃ ካለም ከፋይል ይነበባል፣ በነጥቦቹ መካከል በቀጥታ መስመር ይሁን ወይም በቅርቡ ነጥብ ዋጋ የሚለውን ተጠቃሚው ይመርጣል። የፀሐይን አቅጣጫ ከቦታና ከቀን ተነሥቶ የሚያሰላ ክፍልም በሙቀት ማስሊያ ሞጁሉ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ስሌቱ የጊዜ እርምጃውን በራሱ ስለሚመርጥ፣ ሁኔታው ለረጅም ሰዓት ጸጥ ካለ በኋላ የመጣን የአሥር ደቂቃ የመብራት መቋረጥ ዘልሎት ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከፍተኛውን እርምጃ መገደብ፣ ወይም የመቋረጡን ሰዓት እንደ ክስተት አስመዝግቦ ስሌቱ እዚያው ላይ ቆሞ እንደገና እንዲጀምር ማድረግ ነው።

የሁለቱም ፈቃድ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ የሚተመን በመሆኑ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ የሚገዛ ቢሮ የመጪውን ዓመት ወጪ በብር አስቀድሞ ማስላት ይከብደዋል።

ኤልመር ከፊንላንድ የመጣ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። የወሰን ሁኔታው በጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ሰከንዱና የሙቀቱ መጠን ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ የጊዜ እርምጃውንም ባለሙያው ራሱ ይወስናል። መልኩ አይስብም፣ አጀማመሩም ያደክማል። ሆኖም እርምጃውን ራስ የመወሰን ግዴታው ድንገተኛ ለውጥን ሳያዩ ከማለፍ ያድናል፤ መብራት ስሌቱን መሐል ላይ ቢያቋርጠውም በየጊዜው ካስቀመጠው ውጤት መቀጠል ይቻላል። የፀሐዩን ሠንጠረዥ ግን ራስዎ ማዘጋጀት ይኖርብዎታል።

ኢነርጂ ፕላስ የተለየ ነገር ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በነፃ የሚያቀርበው ሲሆን ለሕንፃ እንጂ ለካቢኔት አልተሠራም፤ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን ሙቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሰላ አንዲት ባትሪ የት ላይ እንደምትግል አይነግርም። ጥያቄው ልደታ ወይም ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያለ ባለመስታወት ቢሮ መቼ ይሞቃል የሚል ከሆነ ግን ከእሱ በፊት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ትዞራለች፤ ፕሮግራሙም ይህን ከቦታው መጋጠሚያ ራሱ ያሰላል። 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ኮንክሪት የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከአምስት ሰዓት በላይ ዘግይቶ በመሆኑ፣ ይህን መዘግየት የማያሳይ ቋሚ ስሌት ለእንዲህ ያለ ግድግዳ ዋጋ የለውም።

ከአራቱም ጋር የሚያጋጥም፣ ሻጮች የማያነሡት የእኛው ጉዳይ አለ። የፕሮግራሞቹ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ «ቢሮ 2 ሰዓት ይከፈታል» የሚለውን እንዳለ 2 ብዬ አስገብቼ ሠራተኞቹን በጨለማ ሥራ አስጀምሬአቸዋለሁ፤ ትክክለኛው 8 ነበር። በዚያ ላይ ከተማችን የሰዓት ክልሏ ከሚሰላበት የኬንትሮስ መስመር በስተምዕራብ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው ከፍታችን አየሩ ስስ በመሆኑም፣ ለባሕር ወለል የተዘጋጀ የማራገቢያ የማቀዝቀዝ አቅም እንዳለ መግባት የለበትም።

ለካቢኔቱ ዓይነት ሥራ፣ ጊዜ ያለው ትንሽ ቢሮ ኤልመርን ቢይዝ እመክራለሁ፤ በሳምንት ውስጥ ውጤት የሚጠበቅበትና የሚከፍል ደንበኛ ያለው ደግሞ አንሲስን። ኮምሶል ሙቀቱ ከኤሌክትሪክ ወይም ከአየር ፍሰት ጋር ተጣምሮ በሚሰላበት ቦታ ዋጋውን ያወጣል። የሚከፈልበትን ከመረጡ፣ ውል ከመፈራረምዎ በፊት ማራገቢያው በ24 ሰዓት ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ብቻ የሚቆምበትን ትንሽ ሠንጠረዥ ለሻጩ ይስጡና ፊትዎ እንዲያሠራው ይጠይቁት። አሥሩ ደቂቃ በውጤቱ ግራፍ ላይ ካልታዩ፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ምክንያቱን ያስረዳዎት።