ኳድ ለማየት የጠባሴው ኳስ ቤት

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ያለውን ይህን ኳስ ቤት ሰው የሚያውቀው በፕሪሚየር ሊግ ነው። እኔ ግን በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ ነው የምለው። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ባለቤቱ የጠየቃችሁትን ከዩቲዩብ ይከፍቱላችኋል። ሂሳቡ የሻይ ብቻ ነው። እኔ የማስከፍተው የበረዶ ላይ ሸርተቴ ነው፤ በተለይ ባለ አራት ዙሩን ዝላይ፣ ኳድ የሚባለውን።

ኳድን በስልክ ማየት ልፋት ነው። ተወዳዳሪው አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት አራቴ ዞሮ በአንድ እግሩ ያርፋል። ሩብ ዙር ብትጎድለው ነጥቡ ይነካል። ያቺን ሩብ ዙር ለማየት ደህና ስክሪን ያስፈልጋል።

ፕሮጀክተሩን እርሱት፤ ምስሉ ይጎተታል። በስተግራ ካለው ቴሌቪዥን ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «ጋሼ፣ ቀስ አርገው ይድገሙልኝ» በሉ። ሳይሰለቹ ይደግማሉ። እ.ኤ.አ. የ2024ቱን የሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮና ያየሁት እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ሸርታቴ ኢሊያ ማሊኒን በረጅሙ ፕሮግራም ስድስት ኳድ ሠርቶ 227.79 ነጥብ ያገኘበት ነው።

አክሰል የሚባለው ዝላይ ላይ ስትደርሱ እግሩን ተመልከቱ። ሌሎቹን ዝላዮች ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው የሚነሳባቸው። አክሰል ላይ ግን ፊቱን ወደፊት አድርጎ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ግማሽ ዙር ይጨመርበታል፣ አራት ተኩል። የግራ ጫማው ስለት በረዶውን ሲጭር፣ ቀኝ ጉልበቱ ሽቅብ ሲወረወር፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ሲሰበሰቡ በቀስታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ዝላይ በውድድር ላይ የመጀመሪያው ሆኖ ያሳካው ራሱ ማሊኒን ነው፣ በ2022። ጋሼ ግን ሃንዩን የሚያክል የለም ባይ ናቸው። በዚያው ዓመት ቤይጂንግ ኦሊምፒክ ላይ አክሰሉን ሞክሮ የወደቀውን ጃፓናዊ ማለቴ ነው። «መድፈሩስ!» ይላሉ፣ ክርክሩ አለቀ።

ጉድለት አለው። ስፒከሩ ይንሾካሾካል እንጂ አይሰማም። በሩ ስለማይዘጋ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ አትርሱ። ኔትወርኩ ደግሞ ልጁ አየር ላይ እንዳለ ቀጥ ይላል። መፍትሔው ቪዲዮውን ቀድሞ ማስወረድ ነው፤ ማታ ብትነግሯቸው ጠዋት አዘጋጅተው ይጠብቋችኋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትሞክሩት። የአርሰናል ደጋፊ እያለ ሪሞቷን ማን ይነካታል?