ለግራኝ የሚሆን ሰንጢ፦ ዴሊካ፣ በግአውት፣ ኦፒኔል ወይስ ለግራ ብቻ የተሰራ?

ግራኝ ሆናችሁ ሰንጢ ልትገዙ ካሰባችሁ ካርቶኑ ላይ «ለሁለቱም እጅ ይሆናል» የሚለውን ጽሁፍ ቶሎ አትመኑት። ብዙ ጊዜ እሱ ማለት ክሊፑን (ሰንጢውን ኪስ ጫፍ ላይ የሚይዘውን ላሜራ) ፈትታችሁ ወደ ሌላኛው ጎን ማዞር ትችላላችሁ ማለት ብቻ ነው፣ ክሊፕ ደግሞ ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ዋናው ጣጣ ሎኩ ላይ ነው፣ ማለቴ ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ጣታችሁ ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ነገር። መክፈትማ እንደምንም ይከፈታል። ለግራኝ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ቀኝ እጃችሁ ካርቶን ወይ ገመድ ይዞ እያለ በግራችሁ ብቻ መዝጋት ስትችሉ ነው፣ እኔም እዚህ ያወዳደርኩት በዋናነት በዚህ ነው።

እኔ ራሴ ግራኝ ነኝ። እንጀራ በቀኝ መቁረስ ቤት ውስጥ በቁጣ ነው ያስለመዱኝ፣ መጻፍም እንደዛው፣ ቢላ ላይ ግን ማንም ልብ ስላላለ ግራዬ እንደ ግራ ቀረ።

መርካቶ የሚሸጠውም፣ አሜሪካ ነዳጅ ማደያ ካሸሩ አጠገብ የሚደረደረውም ርካሽ ሰንጢ በብዛት ላይነር ሎክ ነው። ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ሰንጢ ሰሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) አሻሽሎ ያስፋፋው አሰራር ነው። እጀታው ውስጥ ቀጭን ላሜራ አለች፣ ሰንጢው ሲከፈት ወደ መሀል ተስፈንጥራ የስለቱን ቂጥ ትደግፋለች። በቀኙ ለያዘ ሰው አውራ ጣቱ ልክ እሷ ላይ ያርፋል፣ ወደ ጎን ገፋ ያደርጋታል፣ ስለቱን በሌባ ጣቱ ይመልሳል፣ አለቀ። በግራ ስትይዙት ግን ላሜራዋ መሄድ ያለባት ወደ አውራ ጣታችሁ ስለሆነ መግፋት የሚባል ነገር የለም፣ ወይ አውራ ጣታችሁን ቆልምማችሁ በጥፍር ትስቧታላችሁ ወይ ሌባ ጣታችሁን ከወዲያኛው በኩል አስገብታችሁ ትገፏታላችሁ፣ ጣቷ ደግሞ ስለቱ የሚመለስበት መንገድ ላይ ናት። ይለመዳል የሚሉ አሉ፣ አዎ ይለመዳል፣ ግን ገንዘብ ከፍሎ ምን አስለመደኝ? ፍሬም ሎክ የሚባለውም ያው ነው፣ ልዩነቱ በላሜራዋ ፋንታ የእጀታው ጎን ራሱ መቆለፊያ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ወደሚሆኑት እንሂድ። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ስፓይደርኮና ቤንችሜድ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች የሚሸጧቸውን ነው፣ የስፓይደርኮን ዴሊካ 4 እና የቤንችሜድን በግአውት፣ ሁለቱም ለግራኝ ይሆናሉ ግን በተለያየ ምክንያት።

ዴሊካ ባክ ሎክ ነው፣ መቆለፊያው ጀርባው ላይ መሀል ለመሀል ስላለ ቀኝ ግራ አያውቅም። መክፈቻው ስለቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ነው፣ ስፓይደርኮ ከ1981 ጀምሮ መለያው ያደረገው ማለት ነው፣ ቀዳዳ ደግሞ ወዲህም ወዲያም ያው ቀዳዳ ነው፣ በጓንት ሁሉ ይከፈታል። ክሊፑ አራት ቦታ ይታሰራል፣ ግራ ቀኝ፣ ኪስ ውስጥ የስለቱ ጫፍ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች። ስለቱ 7.4 ሴንቲ አካባቢ፣ ክብደቱ 71 ግራም፣ ብረቱ ቪጂ 10 የሚባል የማይዝግ ብረት፣ የሚሰራው ጃፓን ሴኪ ከተማ ነው። ዋጋው ከ100 ዶላር አለፍ ይላል። የማልወድለት አዘጋጉን ነው፣ በአንድ እጅ ጀርባውን በአውራ ጣት ተጭናችሁ ስለቱን ስትለቁት ጣታችሁን ካላነሳችሁ ይመጣባችኋል፣ ይሄ ግን ቀኝም ግራም አይልም፣ የባክ ሎክ ጠባይ ነው።

በግአውት አክሲስ ሎክ ነው ያለው። ማክሄንሪና ዊሊያምስ የሚባሉ ሁለት ሰሪዎች ፈጥረውት ቤንችሜድ በ1998 ነው 710 በሚባለው ሞዴል ገበያ ያወጣው። ነገርየው የበር መቀርቀሪያ በሉት፣ ትንሽ ብረት ከእጀታው ግራ ወደ ቀኝ አቋርጣ ታልፋለች፣ ጫፎቿ በሁለቱም ጎን ወጣ ወጣ ብለዋል፣ ከኋላ በሁለት ቀጫጭን ሞላ ትገፋለች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ግራና ቀኙን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳብ ስታደርጓት ስለቱ ይለቀቃል፣ እጃችሁን ዞር ስታደርጉት ራሱ ይገባል፣ ጣት ስለቱ መንገድ ላይ የምትገባበት ሰዓት የለም። ለግራኝ ከዚህ የተሻለ ሎክ አላየሁም፣ ለቀኝም ቢሆን። ስለቱ 8.2 ሴንቲ ሆኖ ክብደቱ 52 ግራም ብቻ ነው፣ ኪስ ውስጥ መኖሩን ትረሱታላችሁ። ችግሩ አንደኛ ዋጋው፣ ወደ 180 ዶላር ነው፣ ሁለተኛ ፕላስቲክ እጀታው ጠንከር አድርጋችሁ ስትጨብጡት ትንሽ ገባ ይላል፣ ሶስተኛ እነዛ ሞላዎች አንዳንዴ ይሰበራሉ (አንዱ ቢሰበር ሌላው ይይዘዋል፣ ለዚህ ነው ሁለት የሆኑት)። ፓተንቱ ካለቀ ወዲህ ግን ይሄንን ሎክ ሌሎችም እየሰሩት ነው፣ የቻይናው ጋንዞ በ20 እና 30 ዶላር የሚሸጠው አለ፣ ብረቱ እኩል አይደለም፣ ግራ እጅ ላይ ያለው ምቾት ግን ያው ነው። ክሊፑ የሚዞር መሆኑን ብቻ አይታችሁ ግዙ።

እና የትኛው? መጋዘን ወይ ዴሊቨሪ የምትሰሩና ቀኑን ሙሉ ከፍታችሁ የምትዘጉ ከሆነ አክሲሱን፣ የቤንችሜዱ ዋጋ ከከበዳችሁ የጋንዞውን። አልፎ አልፎ ብርቱካን ለመላጥ፣ ፖስታ ለመክፈት ከሆነ ዴሊካ ይበቃችኋል እንደውም ይተርፋል።

ከነዚህ ውጪ ጠንካራ ሎክ ለምትፈልጉ የኮልድ ስቲል ሪከን 1 አለ፣ አንድሩ ዴምኮ የነደፈው ትራያድ ሎክ ነው፣ እሱም ጀርባው ላይ ስለሆነ ለግራኝ ችግር የለውም፣ መጫኛው ግን ደረቅ ነው፣ አውራ ጣት ይፈልጋል።

ኦፒኔል ቁጥር 8 ለብቻው ነው የሚታየው። ፈረንሳይ ሳቮያ የሚሰራው የእንጨት እጀታ ያለው፣ 20 ዶላር አካባቢ። መቆለፊያው አንገቱ ላይ ያለ ቀለበት ነው፣ ከ1955 ጀምሮ ያለ፣ ዞር ሲደረግ ስለቱን ይይዛል። የተለመደው ኦፒኔል ጥፍር ማስገቢያው (ስለቱን ስቦ ለማውጣት ስለቱ ላይ የተቆረጠው ጭረት) ለቀኝ እጅ ጥፍር ነው የተሰራው፣ ለግራኝ ተብሎ የሚሸጠው ቁጥር 8 ግን ማስገቢያው በሌላኛው ጎን ነው፣ ፈልጋችሁ እሱን ግዙ። ካጣችሁም የሀገሩ ሰዎች የሚያደርጉት ብልሀት አለ፣ ቀለበቱን ከፍታችሁ የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ስታደርጉት ስለቱ ትንሽ ብቅ ይላል፣ ከዛ በየትኛውም እጅ ይያዛል። እንጨቱ ውሀ ከጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣም ይላል፣ ካርቦን ብረቱ ደግሞ ሎሚ ቆርጣችሁበት ሳትጠርጉ ካስቀመጣችሁት ይዝጋል፣ ኢኖክስ የሚለውን ብትወስዱ ከዝገቱ ትገላገላላችሁ።

ሙሉ በሙሉ ለግራ የተሰሩም አሉ፣ ስፓይደርኮ ፓራ ሚሊተሪ 2ን በግራ እትም አውጥቷል፣ ክሪስ ሪቭም ሰቤንዛን ለግራኝ ይሰራል፣ ሎኩም ክሊፑም ሁሉም ነገር የተገለበጠ ማለት ነው። ሰቤንዛ ከ400 ዶላር በላይ ነው፣ ፍሬም ሎክ ለምትወዱ ብቻ። የግራ እትም ግን መልሳችሁ ልሽጥ ስትሉ ገዢው ከአስር ሰው አንዱ ገደማ ብቻ መሆኑን አትርሱ፣ በዛ ላይ ሚስትም ጓደኛም አውሰኝ ብሎ የሚመልሰው ሰንጢ ነው የሚሆነው (እሱ ለኔ ጥቅም ነው)።

ስለቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፣ ጥርስ ያለውን አትግዙ። ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚሞረደው፣ ስለዚህ ወፍራም ነገር ስትቆርጡ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ የትኛው እጅ እንደያዘው ደግሞ ለውጥ ያመጣል። በሁለቱም ጎን እኩል የተሳለ ለስላሳ ስለት ይሻላል።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከእጅ በፊት ህጉን እዩ። እንግሊዝ ውስጥ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መውጣት አይቻልም፣ የሚታጠፍና የማይቆለፍ፣ ስለቱም ከ3 ኢንች ማለትም 7.62 ሴንቲ ያልበለጠ ግን ይፈቀዳል። ስፓይደርኮ ለዚሁ ብሎ የሰራው ዩኬ ፔንናይፍ አለ፣ ሎክ የለውም፣ ክብ ቀዳዳው አለ፣ ክሊፑም ይዞራል፣ ሎክ ከሌለ ደግሞ የግራኝ ጣጣ ግማሹ ቀረ። ጀርመን ላይ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ነው ያለ ምክንያት መያዝ የተከለከለው፣ ስለዚህ እዛ ዴሊካና በግአውት ቤት ይቀመጡ፣ ኦፒኔል በሁለት እጅ ስለሚከፈት ከነሱ ይሻላል።

ክሊፑን ወደ ግራ ስታዞሩ ባለ ኮከብ ትንሽ ካቻቪቴ ያስፈልጋችኋል፣ ልኩን የያዘ ይሁን። ፋብሪካ ላይ ቪቴው ሙጫ ተቀብቶ የሚታሰር አለ፣ እምቢ ካለ አትታገሉት፣ የብየዳ ካውያ ጫፍ ለትንሽ ሰኮንድ አስነኩትና ሙጫው ሲላላ ፍቱት፣ በጉልበት ከሆነ የቪቴው ራስ ይበላና ክሊፑ እዛው ቀኝ ላይ ይቀራል።