ማዕበል ላይ ያለች መርከብ ማሣል ለምትፈልጉ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ሰዓሊ ምስጋና አለብኝ። ስሜ አይጠቀስ ስላለኝ አልጠቅሰውም።

አባቴ የቀድሞው ባሕር ኃይል ሰው ነው። ወጣትነቱ ምጽዋ ነው ያለቀው። "ኢትዮጵያ" በተባለችው መርከብ ላይ ሠርቷል። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣች፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት የነበራት ትልቅ መርከብ ናት። አሁን ኮምቦልቻ ይኖራል። እኛ ልጆቹ መርከቧን ማዕበል ውስጥ አስለን ልንሰጠው ተስማማን።

ሰዓሊው የድሮ ፎቶ አስመጣን። ከዚያ "ሰውየውን ራሳቸውን አገናኙኝ" አለ። ሰርፕራይዙ ቀረ፤ ግን ደግ አደረገ።

አባቴ ንድፉን ገና ሲያየው "ልጄ፣ ይቺ መርከብ ልትገለበጥ ነው" አለው። ማዕበሉ በጎኗ ነበር የሚመጣው። እንዲህ ባለ ባሕር መርከብ ፊቷን ለማዕበሉ ትሰጣለች እንጂ ጎኗን አትሰጥም። ባንዲራው ደግሞ ወደ ግራ፣ ጭሱ ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር። ንፋሱ አንድ እስከሆነ ድረስ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ነው የሚሄዱት። ሰዓሊው አልተከራከረም። "እሺ ጋሼ፣ ይስተካከላል" ብሎ እንደ አዲስ ነደፈው። ጭማሪ አልጠየቀም።

አሠራሩን ቆሜ አይቻለሁ። የታችኛውን ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ ይቀባል፤ ዘይት የበዛበትን ከላይ ያደርጋል። ከታች ዘይት ከበዛ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና በኋላ ይሰነጣጠቃል። የማዕበሉን አረፋ በስፓቱላ ነው ያወፈረው። ውሃው አረንጓዴ የገባበት ግራጫ ነው። አባቴ ስለ ውሃው ምንም አላለም፤ እሱ ዝም ካለ ልክ ነው ማለት ነው።

ለቸኮለ ሰው ግን አይሆንም። ስልክም ቶሎ አያነሳም። ሥዕሉ አልቋል ብለን ልንወስድ ስንሄድ "ሳይደርቅ ሐረጎን አይወርድም" ብሎ መለሰን፤ ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ቁልቁለት ነው። የዘይት ቀለም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው የሚጠነክረው፤ በተለይ ወፍራሙ አረፋ ጊዜ ይፈልጋል። ቫርኒሹም ገና ነው። ከወራት በኋላ መልሳችሁ አምጡት፣ ሒሳቡ ውስጥ አለ ብሎናል።

ግማሹን በቀብድ ይቀበላል። ፍሬሙን ራሱ ይሠራል፤ ታፔላም ይጽፋል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ። የድሮ ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።