ደሴ ላላችሁ፦ የእናቴን ጫማ ለሠራላት ጫማ ሰፊ ምስጋና

እናቴ ስኳር ካለባት ቆየች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ደግሞ ቀኝ እግሯ እያበጠ ጫማ አልገባ አላት። ሐኪሟ አስጠንቅቆናል። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ጫማ ቢልጣት፣ ጠጠር ቢወጋት አይሰማትም፣ ቁስሉን የምታዩት ከባሰ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ጠባብ ጫማ እንዳታደርግ፣ በባዶ እግሯም እንዳትሄድ አለን። ጫማ ፍለጋ ዞርን። አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ እግሯን አየና «ለእንዲህ ዓይነቱ እግር የሚሆን የለንም» ብሎ ፊቱን አዞረ። እናቴ የቀሚሷን ጫፍ ሳብ አድርጋ እግሯን ሸፈነች። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ፒያሳ አካባቢ ላስቲክ ወጥሮ የሚሠራ ጫማ ሰፊ እንዳለ የነገረችን ጎረቤታችን ናት። ስንደርስ ዱካውን ለእናቴ ለቀቀላትና እሱ መሬት ላይ በርከክ አለ። ጫማዋን ሊያወልቅላት ሲል እግሯን ሰበሰበች። «ኧረ ተው የኔ ልጅ፣ አትንካው፣ ይሸትሃል።»

«እማማ፣ ሥራዬ እኮ እግር ነው» አላት።

ካልሲዋን ቀስ ብሎ አወለቀ። ተረከዟን መዳፉ ላይ አሳርፎ በክር ለካት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ «እዚህ ጋ ይሰማዎታል?» እያለ።

ጸሎተ ሐሙስ ትዝ አለኝ። ካህናቱ የወይራና የወይን ቅጠል በገባበት ውሃ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ። ጌታችን ከራት ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ፣ ጴጥሮስም እንደ እናቴ አይሆንም ብሎ ነበር (ዮሐንስ 13)። እኔ ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። የእናቴን እግር ግን ማታ ማታ የማጥበው ቶሎ ቶሎ፣ ፊቴን ዞር አድርጌ ነበር። ይህ ልጅ ዓይኑን ከእግሯ ላይ አልነቀለም።

ለመጨረሻው ልክ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀጠረን። እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባል አለኝ። ስንመለስ ደግሞ እኔ ልጇ ሆኜ ያላሰብኩትን ጠየቃት።

«እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማዎን ማን ያወልቅልዎታል?»

እናቴ ጎንበስ ማለት አትችልም። ለካ ማውለቁ እያቃታት፣ ሰው ማስቸገሩንም እየፈራች፣ ስንት እሑድ ደጅ ቆማ ነው ያስቀደሰችው። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ለእሱ ነገረችው።

ማሰሪያውን ተወና ከፊት ሰፊ ሆኖ የሚከፈት፣ በሚጣበቅ ጨርቅ የሚዘጋ አድርጎ ሠራላት። በከዘራዋ ጫፍ ፈታ አድርጋ እግሯን ታወጣለች። ውስጥ በባዶ እግሯ እንዳትቆም ብሎ ለወፍራም ካልሲም ቦታ ተወለት። ከማስረከቡ በፊት እጁን ጫማው ውስጥ ከቶ ስፌቱን ዳሰሰ። አንድ ቦታ ክሩ ጎረበጠውና ፈትቶ እንደገና ሰፋው። እኔ ብዳስሰው ምንም አልተሰማኝም።

ከእኛ ቀጥሎ የመጡትን ሙስሊም አባትም እንዲሁ በርከክ ብሎ ነው የተቀበላቸው።

ፎቶ ላንሳህና ልለጥፍልህ ስለው «ሥራዬን አሳዪ፣ ፊቴን ተይው» አለኝ። ስሙን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። የሚሠራው ብቻውን ስለሆነ ቀጠሮው አንድ ሁለት ቀን ሊያልፍ ይችላል፣ ታገሡት። ዋጋው አይጎዳም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ ባለፈው እሑድ ውስጥ ገብታ አስቀደሰች።

ስኳር ያለባቸው ወይም እግራቸው የሚያብጥ እናትና አባት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ስትወስዷቸው ከሰዓት በኋላ ይሁን።