ባክቴሪያ ወይስ የሥር ፈንገስ? ለመድኃኒት ተክል የቱ ይሻላል

በመድኃኒት ተክል ምርምር የምርቱ ብዛት ብቻ አይበቃም። ተክሉ ወፍሮ ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ ከሳሳ ምን ዋጋ አለው? እዚህ የማወዳድረው ተክሉን እንዲረዱ ሥሩ ላይ የሚጨመሩትን ሁለት ረዳቶች፣ ጠቃሚ ባክቴሪያንና የሥር ፈንገስን ነው።

ባክቴሪያዎቹ ለአያያዝ ይቀላሉ። ባሲለስና ሱዶሞናስ የተባሉት ሥር አጠገብ ሰፍረው፣ ተክሉ የሚመገበውን በአፈር የታሰረ ፎስፈረስ ይፈታሉ፤ ኦክሲን የተባለውን የእድገት ሆርሞንም ያመነጫሉ። ላብራቶሪ ውስጥ በአንድ ሌሊት ይራባሉ። ባሲለስማ ድርቀት የሚችል ስፖር (በጠንካራ ሽፋን የታሸገ የእንቅልፍ ሕዋስ) ስላለው ለማከማቸትም አያስቸግርም። ግን የአፈሩ ነባር ማይክሮቦች ስለሚሻሟቸው፣ በግሪንሃውስ ያማረው ውጤት ማሳ ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል።

ሥር ውስጥ ገብቶ የሚኖረው ፈንገስ፣ ማይኮራይዛ፣ እኔን ይበልጥ ይማርከኛል። በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ሥር በማይክሮስኮፕ ስታዩ፣ በብዙዎቹ ሕዋሶች ውስጥ ቅርንጫፉን የዘረጋ ትንሽዬ ዛፍ የበቀለ ይመስላል። ልውውጡ የሚካሄደው እዚያ ነው። ፈንገሱ ሥሩ ከማይደርስበት ፎስፈረስ ያመጣል፤ ተክሉ ስኳር ይከፍለዋል። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን በሚገኝባት አርቴሚሲያ አኑዋ ላይ ፈንገሱን በመጨመር በተደረጉ ሙከራዎች፣ መድኃኒቱን የሚያመነጩት የቅጠል እጢዎች በዝተው ታይተዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው!

ጣጣው ማራባቱ ላይ ነው። ሕያው ሥር ከሌለ አይራባም፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ወራት ይወስዳል። የጎመን ወገን ተክሎች ደግሞ በአብዛኛው አይቀበሉትም።

ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይ ለዓመታት ለሚቆይ ተክል ፈንገሱን እመርጣለሁ። ቶሎ ለሚደርስ፣ ዘሩን በባክቴሪያው አሽቶ መዝራት ለሚቻል ተክል ግን ባክቴሪያው ይቀድማል።