ሲኒማ ፓራዲሶ ወይስ ላ ላ ላንድ?

ስለ ሲኒማ ዓለም የሚያወራ፣ ፍቅርም ያለበት ፊልም ሲፈለግ ሁለቱም ቶሎ ይነሳሉ። ለአንዱ ብቻ ጊዜ ያለው የቱን ይምረጥ?

ታሪኩ፦ ሲኒማ ፓራዲሶ (እ.ኤ.አ. 1988፣ ጁሴፔ ቶርናቶሬ) በሲሲሊ ትንሽ ከተማ ስላደገ ልጅና ስለ ፊልም አጫዋቹ አልፍሬዶ ነው። ልጁ አድጎ ዳይሬክተር ይሆናል። ላ ላ ላንድ (2016፣ ዴሚየን ሻዜል) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተዋናይት ለመሆን የምትለፋ ሚያ የተባለች ወጣትን ከጃዝ ፒያኒስት ጋር ያገናኛል።

ሙያው፦ እዚህ ላይ ፓራዲሶ ይበልጥብኛል። ቄሱ ደወል እየደወለ መሳሳም ያለበትን ትዕይንት ያስቆርጣል። በቀላሉ የሚቀጣጠለው የድሮ ፊልም ጥቅልም ጉድ ያፈላል። ላ ላ ላንድ የሚያሳየው ደጅ መጥናቱን ነው። ሚያ ኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ ፈተና) ላይ እንባዋን እያፈሰሰች ስትተውን ሰው መጥቶ ያቋርጣታል። ኦዲሽን የሞከረ ሰው ያቺን ደቂቃ ያውቃታል።

ፍቅሩ፦ በሁለቱም ከሕልም ጋር ይጋጫል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ርዝመቱ፦ ላ ላ ላንድ ሁለት ሰዓት አለፍ ይላል። ፓራዲሶ ግን ሁለት የታወቁ ቅጂዎች አሉት፤ ዓለም የወደደው የሁለት ሰዓቱና ሦስት ሰዓት የሚጠጋው የዳይሬክተሩ ቅጂ። ረጅሙ ስለ ፍቅሩ ብዙ ይገልጣል፣ ለእኔ ግን ምስጢሩን ያሳሳዋል። በአጭሩ ጀምሩ።

ፊልም መሃል ዘፈንና ጭፈራ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ላ ላ ላንድ ይቅርባችሁ። ጣልያንኛን በጽሑፍ ትርጉም መከተል ከደከማችሁ ደግሞ ፓራዲሶን ለሌላ ቀን አቆዩት። ከተወለደበት ቀዬ ርቆ የቆየ ሰው ግን ፓራዲሶን ይምረጥ፣ መሐረብም ይያዝ።